የማይሸነፍ ጀግና በጠፈር ጦርነት፦ ልቦለዱን ከፉከራው እስከ ውሃው መዝገብ ደረጃ በደረጃ ለመጻፍ

የምኖረው በአዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያውን የጠፈር ጦርነት ልቦለዴን ረቂቅ በጨረስኩ ጊዜ፣ እዚያው ብሎካችን ምድር ቤት ለሚኖሩ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ እንዲያነቡልኝ ሰጠኋቸው። በምዕራፍ አንድ ጀግናዬ ብቻውን አርባ የጠላት መንኮራኩሮችን ያጋያል፤ በምዕራፍ ሁለት ሌላ ስልሳ ይጨምራል። ሃምሳ አለቃ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው መለሱልኝና መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ልጁስ ጎበዝ ነው፤ ለመሆኑ ውሃቸውን ማን ነው የሚያመጣላቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት ሌሊት የውሃ ፈረቃችን ነበር። ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዤ ደረጃውን ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ቁጭ ባልኩበት፣ ረቂቁ ከሥሩ እንደገና መጻፍ እንዳለበት ገባኝ።

ይህ መመሪያ ከዚያ ሌሊት በኋላ የተከተልኩት አካሄድ ነው። ጀግናው እንደማይሸነፍ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያውቃል፤ ዘውጉ ራሱ ነግሮታል። ስለዚህ መጽሐፉን ይዞ የሚያመሸው ድሉ በምን እንደተገዛና ከማን ኪስ እንደተከፈለ ለማየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ለማስፈር የሚረዱ ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

ወታደራዊ ሳይንሳዊ ልቦለድ በጥንታዊ መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአሜሪካ ርካሽ መጽሔቶች ላይ ነበር፤ ጀግናው ሳይንቲስትም አዛዥም ተኳሽም ሆኖ ጠላቱን እየደረመሰ ያልፋል፣ በየክፍሉ መጨረሻም የባሰ ጠላት ይመጣበታል። በ1950ዎቹ ሥልጠናው፣ ማዕረጉና ግዴታው ጎልተው ወጡ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ጸሐፊዎች የወታደሩን ድካምና ከአገሩ መራራቅ አስገቡበት። ሦስቱንም መልኮች ማወቅ ይጠቅማል፤ እኔ ግን ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ ከእነዚህ የቀደመ ነው እላለሁ። የማይሸነፍ ጀግናን በፉከራና በቀረርቶ ከሰማነው ቆይቶአል፤ የፎካሪውን ወግ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዘውግ ግማሽ ያህል ያውቃል።

1ኛ ደረጃ፦ የማይሸነፍበትን አንድ ነገር ይምረጡ

በሁሉም ነገር የማይሸነፍ ሰው ታሪክ የለውም። ጀግናዎ ማንም የማይወዳደረው አንድ ችሎታ ይኑረው፤ በሌላው ሁሉ እንደ ማናችንም ይሁን፣ በአንዳንዱም ከእኛ ይነስ። ችሎታው ከአስተዳደጉ የመጣ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም አንባቢ በልጅነት ያየውን ነገር በጦር ሜዳ ሲያገኘው ያለ ማብራሪያ ያምናል።

እኔ አርባ መንኮራኩር የሚያጋየውን ልጅ ሰርዤ በእርሱ ምትክ ሻለቃ አስካለን ጻፍኩ። አስካለ ያደገችው እንደኔ ሰፈር ባለ የከተማ ጫፍ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ነው። በስምንት ዓመቷ የቤቱን ሮቶ ጫፉን በጣቷ መታ መታ በማድረግ ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ ትናገራለች፤ የእንጀራ ምጣድ የታጠበበት ውሃ ወለል እንደሚወለወልበት፣ ወለል የተወለወለበት ደግሞ ወደ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ታውቃለች። ተኩሷ መካከለኛ ነው፤ ንግግር አይሆንላትም፤ ካርታ ስታነብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በቁጠባ ግን ማንም አያሸንፋትም። የምትዋጋው ከእርሷ ብዙ እጥፍ ስንቅ ካለው ጠላት ጋር ነው፤ ሁልጊዜም ጠላቷ ሲጨርስ እርሷ ጥቂት ይተርፋታል።

እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጠው የራስዎን ሰፈር ያስቡ። ሰንዳፋ ከብት ሲነዳ ያደገ ልጅ፣ ቡራዩ ሽመና ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ፣ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ መልስና ሰው ሲቆጥር የኖረ ልጅ፣ ሁሉም በጠፈር ውስጥ የሚጠቅም ችሎታ ይዘዋል። ከውጭ ፊልም የተወሰደ ጡንቻ ከመስጠት እነርሱን መመልከት ይበልጣል።

2ኛ ደረጃ፦ ፉከራውን አስቀድመው ይጻፉ

ፉከራን ብዙ ሰው ጉራ ብቻ ይመስለዋል። በድሮው ወግ ግን ፎካሪው በጌታውና በጓዶቹ ፊት የሚናገረው ቃል ያስረዋል፤ ከዘመቻ ሲመለስ ምስክር ይጠየቃል፣ ያልፈጸመውን የፎከረ ሰው ስሙ ይወርዳል። ስለዚህ በልቦለድ ውስጥ ፉከራ ውል ነው፤ ደራሲው ከአንባቢው ጋር የሚፈራረምበት። የጀግናዎን ፉከራ በሁለት ስንኝ ይጻፉና ከጠረጴዛዎ በላይ ይለጥፉት፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ከእርሱ የወጣ ድል አይስጡት።

የአስካለ ይህን ይመስላል፦

«ፈረቃ ያሳደጋት፣ ቆጣሪ በጠብታ፣
ዘራፍ! የአባ ቆጥብ እመቤት፣ በጥም የማትረታ!»

«አባ ቆጥብ» የመንኮራኩሯ ስም ነው። ይህም ከወጋችን የተወሰደ ነው፤ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መቻል» እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦርም ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። መንኮራኩርን በፈረስ ስም መጥራት ለአማርኛ አንባቢ ከአንድ ገጽ ገለጻ የበለጠ ይነግረዋል፤ ማን ጌታው እንደሆነ፣ ጠባዩ ምን እንደሆነ፣ ሲጠፋም ማን እንደሚያለቅስለት።

ፉከራው የሚከለክለውንም ልብ ይበሉ። «በጥም የማትረታ» ስላልኩ በጥም ምክንያት እጅ መስጠት አትችልም፤ በተንኮል መታለል፣ በጓደኛ መከዳት፣ በአለቃ ትእዛዝ መታሰር ግን ትችላለች። የታሪኩ ጭንቅ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ቀዳዳ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የጠፈርን ሕግ ይማሩና አይጣሱት

ጀግናው የማይሸነፍ ከሆነ የተፈጥሮ ሕግ ከእርሱ የበለጠ የማይሸነፍ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ድሉ የደራሲው ስጦታ ይሆናል። ፊዚክስ ያላጠና ሰው አይስጋ፤ ለአንድ ልቦለድ አራት ነገር ይበቃል።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። ብርሃንም ሬዲዮም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ከምድር ወደ ጨረቃ 1.3 ሰከንድ ነው፤ ወደ ማርስ እንደ ምሕዋሩ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ፤ ወደ ጁፒተር ከ33 እስከ 54 ደቂቃ ይፈጃል። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የጠፈር ምልከታ ጣቢያ የጠቅላይ መምሪያ አድርገው ካሰቡ (በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ ትልክ የነበረውም ወደዚያው ነው)፣ አዛዡ «ምን ላድርግ?» ብሎ ከጁፒተር ቢጠይቅ መልሱ ቢፈጥን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ይደርሰዋል። ጥንታዊው ዘውግ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ሥልጣን መስጠቱ የሚያሳምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ርቀት ውሳኔው የግድ የእርሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አንድ ኪሎ ግራም ብረት 50 ሜጋጁል ጉልበት ይይዛል፤ ይህም 12 ኪሎ ግራም ከሚሆን ቲኤንቲ ፈንጂ ጋር የሚስተካከል ነው። ፈንጂ አያስፈልገውም። በዚያ ፍጥነት የምታልፍ መንኮራኩር ጠጠር በትና ብታልፍ በቂ ነው፤ ችግሩ ግን ፍሬን የላትም፤ የመታችውን ቆማ ማየት፣ መማረክ ወይም መዝረፍ አትችልም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ የለም። በጠፈር ባዶ ውስጥ የሚሰማ ፍንዳታ አይጻፉ። ወታደሩ የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ፣ የፓምፑን ማጉረምረምና ወለሉን አልፎ የሚመጣውን ንዝረት ነው።

አራተኛው ሙቀት ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሲሆን ብዙ ጸሐፊ ይዘለዋል። ጠፈር ቀዝቃዛ ነው ማለት መንኮራኩር ይቀዘቅዛል ማለት አይደለም። አየር ስለሌለ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስድለት ነገር የለም፤ በጨረር መልክ ብቻ ቀስ እያለ ያወጣዋል፤ ለዚህም ሰፋፊ ራዲያተሮች ይዘረጋል። እንጦጦ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶ የቆመ አሮጌ ሚኒባስ ያስቡ፤ ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ውሃ ይጨምራል። አሁን ነፋሱን ያስቀሩ፤ ዳገቱን ማለቂያ የሌለው ያድርጉት። የጠፈር አዛዥ ሕይወት ይህ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጠፈሩ ጀርባ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የጋለ ራዲያተር የዘረጋ መንኮራኩር በጨለማ ሜዳ እንደተለኮሰ ችቦ ከሩቅ ይታያል። መደበቅ የፈለገ ራዲያተሩን ያጥፋል፤ ራዲያተሩን ያጠፈ ደግሞ በራሱ ሙቀት ይቀቀላል። ደፈጣ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ቅርቃር ማምለጥ የለበትም፤ ቅርቃሩ ራሱ ታሪኩ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ የስንቅ መዝገብ ይክፈቱ

ባለ መስመር ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ገጽ ይስጡ። በገጹ ላይ ምዕራፉ ሲጀመር ስንት ሰው፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ነዳጅ፣ ስንት ጥይት እንደነበረና ሲያልቅ ስንት እንደቀረ ይጻፉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ ሆኖም ከተለማመዱት ሴራው ከመዝገቡ ራሱ መውጣት ይጀምራል።

የአባ ቆጥብን መዝገብ እንደ ምሳሌ ላሳይ። ስድሳ ሰው ይዛለች። ለመጠጥና ለምግብ ለሰው በቀን 3 ሊትር መደብኩ፤ በቀን 180 ሊትር ማለት ነው። የተጠቀሙበትን ውሃ የሚያጣራው መሣሪያ በመጀመሪያው ግጭት ተመቷል (ይህን ካላደረጉ ውሃው እየተጣራ ስለሚመለስ ጭንቁ ይጠፋል)። በጋኗ 10 ቶን በረዶ አለ፤ በደፈጣው ቀናት የሚጠጡት ከዚህ ተለይቶ ተቀምጧል። መንኮራኩሯ መብራቷን ቀንሳ፣ ሰዎቿን አስተኝታ፣ እጅግ አነስ አድርጋ ብትኖርም 100 ኪሎ ዋት ሙቀት (በሰከንድ 100 ኪሎጁል) ታመነጫለች እንበል።

አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎጁል ይፈልጋል። ስለዚህ አስካለ ራዲያተሯን አጥፋ ሙቀቱን ወደ በረዶው ብትልክ፣ 10 ቶኑ እስኪቀልጥ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ታገኛለች። የቀለጠው ውሃ እስኪፈላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 418 ኪሎጁል ይወስዳልና ሌላ 11 ሰዓት ተኩል ይጨምራል። እስካሁን ጠብታ አልጠፋም፤ 20 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል በነጻ ተደብቃለች። ከዚያ በኋላ ግን ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱም ወደ ጠፈር መለቀቅ አለበት። አንድ ኪሎ ውሃ ተንኖ ሲሄድ 2,257 ኪሎጁል ይዞ ስለሚሄድ፣ አንድ ቶን የተለቀቀ ውሃ 6 ሰዓት ከሩብ ይገዛል። ከዚህ ነጥብ ጀምሮ ጊዜ የሚገዛው በሰዎቿ ጉሮሮ ነው።

ይህን ሒሳብ በሻማ ብርሃን በስልክ ካልኩሌተር እንደጨረስኩ (የዚያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር) ልቦለዱ በሙሉ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ በፊት ለስምንት ወር ሴራ ስፈልግ ነበር።

5ኛ ደረጃ፦ ለጠላት አእምሮ ይስጡት

የማይሸነፍ ጀግና ከደደብ ጠላት ጋር ከተገናኘ መጽሐፉ ከሠላሳ ገጽ አያልፍም። የጠላት አዛዥ ቢያንስ በአንድ ጉዳይ ትክክል ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ትናንሽ ግጥሚያዎችንም ያሸንፍ። ጀግናው አይሸነፍም ማለት ያሰበው ሁሉ ይሳካለታል ማለት አይደለም።

ለዚህ ከታሪካችን የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ሰሐጢ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር አጠቁ፤ ሰው ሞቶባቸው ተመለሱ። በማግስቱ ምሽጉን ትተው መንገዱን ያዙና፣ ለምሽጉ ሊደርስለት የሚጓዘውን አምስት መቶ ያህል ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። ዛሬ ሁላችንም የምናስታውሰው ዶጋሊን ነው፤ ለልቦለድ ጸሐፊ ግን የሚጠቅመው በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ሌሊት ነው። አዛዡ የቆሰሉትን እያየ፣ በምሽጉ ላይ ደግሞ መሄድን ትቶ ዓይኑን ወደ መንገዱ ያዞረበት ሌሊት።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ በመሸገው በሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ላይ የተደረገውም እንዲሁ ነው። ምሽጉ በጥቃት አልተሰበረም፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ሲያዝ ግን በውስጡ ያለው ጦር በጥም ተጨንቆ በጥር ወር ለቆ ወጣ። የሃምሳ አለቃ ጥያቄ እንግዲህ ከእርሳቸው በፊትም የተጠየቀ ነው።

በእኔ ልቦለድ ጠላቱ ካሊስቶ በምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ላይ፣ በበረዶ ምድር ላይ የመሸገ ነው። ውሃ ሞልቶታል፤ የሚጎድለው ነዳጅና ጥይት ነው፤ ይህንንም ከሩቅ የሚያመጡለት ቦቴዎች ናቸው። «ቦቴ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ከመስኮቴ ሆኜ ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ የሚይዙትን ቦቴዎችና ባለ ተሳቢዎች ስመለከት፣ የአንድ አገር ጦር በዚያ መስመር ላይ እንደተንጠለጠለ ለመረዳት ብዙ አላሰብኩም። የጠላት አዛዥም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ቦቴዎቹ የሚያልፉበትን ሰዓት ይለዋውጣል። አስካለን ሊያሸንፋት የቀረበው በዚህ ነው።

6ኛ ደረጃ፦ ማዕረጉንና አነጋገሩን ይወስኑ

ሁለት መንገድ አለ። የዛሬውን የሠራዊት ማዕረግ (ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል) መውሰድ፣ ወይም ወደ ድሮው መመለስ። የድሮው ማዕረግ ከጦር አሰላለፍ የወጣ ስለሆነ ለመንኮራኩር ጓድ እጅግ ይመቻል፤ ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ክንፎቹን ይይዛሉ። አንድ ችግር አለው፤ በጠፈር ቀኝና ግራ የሚባል ነገር የለም። እኔ ፊታቸውን ወደ ጁፒተር አዙረው ቀኝና ግራን እንዲለዩ ደነገግሁና አለፍኩ። ሁለቱን ማዕረጎች ማደባለቅ ግን አልመክርም፤ ኮሎኔል ለፊታውራሪ ሰላምታ ሲሰጥ አንባቢ ይስቃል።

ወታደሮችዎ እንደ ወታደር ይናገሩ፤ አጭር፣ ቀልደኛ፣ በምግብ የሚያማርር። አለቃን «እርስዎ»፣ እኩያን «አንተ»፣ ታላቅን «ጋሼ» ይላሉ። በጭንቅ ሰዓት የወጣት ወታደር አንደበት «እርስዎ»ን ረስቶ «አንቺ» ቢል፣ ሻለቃዋም ሳትቆጣ ብትመልስለት፣ አንድ ገጽ ሙሉ የስሜት ገለጻ ይተርፍልዎታል። የሰዓት አቆጣጠርንም ቀድመው ይወስኑ፤ ንጋት በሌለበት መንኮራኩር ውስጥ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» የሚሉ ሰዎች አገራቸውን ይዘው እንደሄዱ ያሳያል፤ እኔ ይህን መርጫለሁ።

7ኛ ደረጃ፦ ዋናውን ውጊያ ይጻፉ

የውጊያው ምዕራፍ ረጅም ይሁን፤ ተኩሱ ግን አጭር። በአባ ቆጥብ ምዕራፍ ተኩሱ አሥራ አንድ ሰከንድ ሲሆን ጥበቃው ሁለት ቀን ከግማሽ ገደማ ነው። አስካለ ራዲያተሯን አጥፋ ከጠላት መስመር ማዶ ትንሳፈፋለች። በደረሳት ቅኝት መሠረት ቦቴዎቹ በ46 ሰዓት ውስጥ ያልፋሉ። ሃያ አንዱ ሰዓት ነጻ ነው፤ ለቀሪው ሃያ አምስት ሰዓት አራት ቶን ውሃ ትለቃለች። ስድስት ቶን ይተርፋታል፤ ለመመለሻው አርባ ቀን ለሰው በቀን 2.5 ሊትር ይደርሳል። ይቻላል። ለሠራተኞቿም ቁጥሩን ሳትሸሽግ ትነግራቸዋለች።

በ46ኛው ሰዓት ቦቴዎቹ የሉም። የጠላት አዛዥ ሰዓቱን ለውጧል።

እዚህ ላይ ይዘግዩ። ብዙ ጸሐፊ ወደ ተኩሱ ስለሚቸኩል ከሁሉ የሚበልጠውን ገጽ ይዘለዋል። አስካለ ራዲያተሯን ዘርግታ መሄድ ትችላለች፤ ማንም አይወቅሳትም። ወይም አንድ ቶን ጨምራ ስድስት ሰዓት ከሩብ ልትገዛ ትችላለች። እጇን በቫልቩ ላይ አስቀምጣ ያሳዩዋት። የብረቱ ግለት ጓንቷን አልፎ ይሰማታል፤ የውስጡ አየር 41 ዲግሪ ደርሷል፤ ከኋላዋ አንድ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ውሃ ይጠይቃል፤ ጠባቂው ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ይነካለታል፤ ጨርቁንም ጨምቆ ጠብታውን ወደ ኩባያ ይመልሳል። እርሷ ሮቶ እንደምትመታ በጋኑ ጎን ጣቷን መታ መታ ታደርጋለች። ከዚያ ትከፍታለች። አንድ ጊዜ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላም ሁለተኛ ጊዜ።

ብልህ አንባቢ «እንፋሎቱስ አይታይም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ከጠላት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ቀጭን አድርጋ እንደምትለቀው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩና ይለፉ፤ ጥያቄውን እንዳሰቡበት ማወቁ ይበቃዋል።

ከዚያ ቦቴዎቹ ይመጣሉ፤ አባ ቆጥብ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር አቋርጣቸው ታልፋለች፤ የበተነችው ጠጠር ሥራውን ይሠራል። ድምፅ የለም። ስታልፍ ዞራ ማየት እንኳ አትችልም፤ መመታታቸውን የምታውቀው ከሃያ ደቂቃ በኋላ በመሣሪያ ነው። ምሽጉ ነዳጅና ጥይት አጥቷል፤ ድሉ የእርሷ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን አራት ቶን ቀርቷል፤ አርባ ቀን፣ ስድሳ ሰው። ለሰው በቀን 1.7 ሊትር እንኳ አይሞላም።

8ኛ ደረጃ፦ ዋጋውን በስም ያስከፍሉ

ዋጋ በቁጥር ብቻ ከቀረ አይሰማም። ከስድሳው ውስጥ ለአምስት ያህሉ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ስም፣ ሰፈርና ልማድ ይስጧቸው፤ ኋላ ጥሙ የሚያገኛቸው እነርሱ ይሁኑ። ስለ ሞት መቸኮል አያስፈልግም። ኩላሊቱ የታመመ መካኒክ ድርሻውን ለታናሹ ሲሰጥ የሚያይ አንባቢ፣ አስካለ ያን ቫልቭ ሁለት ጊዜ የከፈተችበትን ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበዋል። የቃኘው ዘማቾች በኮሪያ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው መመለሳቸው ዛሬም የሚነገረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሰው ጥሎ አለመምጣት ራሱን የቻለ ድል ሆኖ ተቆጥሯል። ጀግናዎ ሰው ጥሎ የማይመጣ ከሆነ፣ ላለመጣሉ የከፈለውን ያሳዩ።

9ኛ ደረጃ፦ ረቂቁን ለማን እንደሚያስነብቡ ያስቡ

ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚወዱ ጓደኞች ስሕተት አያገኙም፤ መንኮራኩሩን አይተው ይደሰታሉ። አንድ ረቂቅ ጦር ውስጥ ለኖረ ሰው፣ አንድ ደግሞ ቤት ለምታስተዳድር ሴት ይስጡ። «ወደዱት?» ብለው አይጠይቁ፤ «የት ላይ አላመኑኝም?» ብለው ይጠይቁ፤ ሲመልሱም አይከራከሩ፣ ጽፈው ይያዙ።

እኔ ሁለተኛውን ረቂቅ ወደ ሃምሳ አለቃ ስወስድ የብሎካችን በር ላይ በርጩማ ይዘው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በዚህኛው ጊዜ አንድ ሳምንት ወሰደባቸው። የውሃውን መዝገብ ከምዕራፍ ምዕራፍ በእርሳስ እየተከተሉ በየኅዳጉ ቀንሰውበታል፤ አራቱንም ሁለቱንም ቶን በትክክል አስቀንሰዋል። ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጡና ጣታቸውን በአንድ መስመር ላይ አሳረፉ። ከጥሙ በተረፉት በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ለመድረስ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ስድሳዎቹ ቡና አፍልተው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ይጠጣሉ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ የጻፍኩት ገጽ ነው። «ለሦስት ጊዜ ቡና፣ ለስድሳ ሰው» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ «በየትኛው ውሃ?»

ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ደረጃው ላይ አሰላነው። አቦል ብቻ ደረሳቸው፤ እርሱም በግማሽ ሲኒ።